የዚያ ፋሲካ በግ

የበግ ሥጋ አልበላም። ጅጅጋ ተወልዶ፣ ጅጅጋ አርጅቶ በግ አልበላም ማለት ለሰሚው ግራ ነው። እንግድነት ሄጄ ሳህኑን ገፋ ሳደርግ "ምነው አስካለ፣ ምን ሆንሽ?" ይሉኛል። "ጨጓራዬ" እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ጨጓራዬ ብረት ይፈጫል። እውነተኛውን ምክንያት ለእናንተ ልንገራችሁ። ምሳችሁን በልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብታነቡት ይሻላል።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልናገር። አባቴ ካራማራን ተሻግሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ብዙ ጎረምሶች የመጀመሪያ ዩኒፎርማቸውን የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ከባሌ ከመኮንን ጋር ሃያ ሦስት ዓመት ኖረናል። እሱ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። አንዲት ልጅ ወልደናል፤ ሕሊና ትባላለች፣ ዩኒቨርሲቲ ናት። ቤታችን የቀበሌ ነው። ከሱቁና ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቼ ሌላ አለን የምንለው አንድ ትልቅ ነገር የጭነት መኪና ነበር። ከእሱ ቆርቆሮና ከእኔ ዩኒፎርም ትርፍ ስንቆጥብ ኖረን የገዛነው ነው። የመኪናውን ሸራ እንኳን የሰፋሁት ራሴ ነኝ። አንድ ጊዜ ጥጉ ላይ ሲቀደድ፣ ሌላ ጨርቅ አጥቼ ከተረፈኝ ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ደርቤ፣ በብርቱካናማ ክር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጣፍኩት። መኮንን "መኪናውን ተማሪ አስመሰልሽው" ብሎ ስቆብኝ ነበር። ያኔ እንስቅ ነበር።

በ2010 ክረምት ከተማችን ስትታመስ፣ ሱቅ ሲሰበር፣ ሰው ንብረቱን የት ያድርስ? አንዱ ሌሊት ጥሎ ወጣ፣ አንዱ ከሶማሌ ወዳጁ ጋር አስቀመጠ። እኛም መኪናችንን ወደ ኤዶ ሐዋ ወሰድን። ኤዶ ማለት በሶማሌ አክስት ማለት ነው። ሐዋ ግን የማንም አክስት ሳትሆን የሁሉም አክስት የሆነች፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ቁጡ ሴት ናት። ዩኒፎርም ከእኔ እየገዛች ደገሀቡር ትሸጥ ነበር። ያን ቀን ግቢዋ በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችንና፣

"የማን ነው?" አለች።

"የሁለታችን" አልን።

ቁልፉን ከመኮንን እጅ፣ ሊብሬውን ከእኔ እጅ ተቀበለች። "አማና ነው። ከሁለታችሁ ተቀብያለሁ" አለች። አማና ማለት አደራ ነው። በኋላ መንገድ ላይ ችግር እንዳይፈጥር ተብሎ ሁለታችንም ፈርመን ሊብሬው በስሟ ዞረ። በመካከላችን ሌላ ወረቀት አልተጻፈም። ማንም እንዲጻፍ አልጠየቀም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ መኮንን አንድ ማታ ፊቱን አጨማዶ መጣ። "መኪናውን ሸጥኩት፤ የሱቁ ዕዳ ዋጠው" አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ተውኩት። ሐዋ ደገሀቡር ልጇ ጋ ከገባች ቆይታለች፣ ስልኳ የነበረበት ቀፎም በዚያው ግርግር ጠፍቶብኛል። "ስንት ተሸጠ? ለማን?" ብዬ አልጠየቅኩም። ይህን አለመጠየቄን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አምና ከፋሲካ በኋላ፣ ወር ሳይሞላ፣ መኮንን አይሻ ከተማ ላይ ሌላ ጎጆ እንደቀለሰ ሰማሁ። ስለዚያ አላወራም። ሴትዮዋ ይሙቃት፣ ይብረዳት፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ፍቺ ጠየቅኩ። ፍርድ ቤቱም "በንብረቱ በሽማግሌ ተስማምታችሁ ሰነዱን አምጡ" አለን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ጋሽ ወርቁ ነው፤ የመኮንን አንደኛ ሚዜ፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ በየበዓሉ ቤቴ ገብቶ የሚበላ ሰው። ሁለተኛው አቶ ደምሴ፣ ጡረታ የወጣ የጽሕፈት ሠራተኛ፣ ሰነዱን የሚጽፈው እሱ ነው። ሦስተኛው የእናቴ ዘመድ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ "እግዜር ያስማማችሁ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ቤት ተቀመጥን። መኮንን ከኮቱ ኪስ አራት ገጽ ወረቀት አወጣ። ማንበብ ጀመረ። ፍሪጅ። ሶፋ። ብረት ድስት ሦስት፤ አንዱ ክዳን የለውም። ትራስ አራት፤ ሁለቱ የላባ። የላባ ብሎ ሲያነብ ቀና ብሎ አየን። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው የተኛሁ ሰው ትራሴን ዳብሶ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለይቶ፣ በእጁ ጽፎ መጥቷል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ "የአስካለ የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን" አለ።

"እሱ ደግሞ ምንድነው?" አልኩ።

"አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ ያሳከምኩሽ ነዋ። ከሱቁ ነው የወጣው።"

"እና?"

"እናማ ከሱቁ ከሚደርስሽ ላይ ይቀነሳል።"

ጋሽ ወርቁ ጺሙን ዳሰሰ። እኔ አሁን ይቆጣዋል፣ "አታፍርም?" ይለዋል ብዬ ጠበቅኩ።

"ግማሹን ብቻ እንቀንስ" አለ ጋሽ ወርቁ። "ባልና ሚስት ነበራችሁ፤ በሽታውም የጋራ ነው።"

አቶ ደምሴ ጻፈው። ሐሞቴን ለሁለት ተካፈሉት።

ቀኑ ሲጋመስ የደረስንበት ይህ ነበር፦ ሱቁ ለእሱ፣ የስፌት መኪናዎቹና የቤት ዕቃው ለእኔ፣ ከሱቁ የሚደርሰኝም ከሕክምናው ጋር ተቻችሎ ከእጅ የማይገባ ጥቂት ብር። እኔ የምፈልገው ብዙ አልነበረም። ግማሼን። አንዲት ጠባብ የስፌት ሱቅ ለመክፈትና ልጄን ለማስጨረስ የሚበቃ ግማሽ። የቀበሌው ቤት በእሱ ስም ነው፤ ሰነዱን ከፈረምኩ በኋላ ሁለት የስፌት መኪና ተሸክሜ በኪራይ ክፍል መጀመሬ ነው። በአርባ ሰባት ዓመቴ።

"ሰኞ ትፈርማላችሁ" አለ ጋሽ ወርቁ። "አስካለ፣ ደግ ሴት ነሽ፤ አታካብጂው።"

ከዚያ ቤት ስወጣ አፌ ይመረኝ ነበር። ወደ ቤት የሚወስደውን አቋራጭ ትቼ በጭነት መኪና መቆሚያው በኩል ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም፤ ምናልባት ያን ትራስ ላለማየት ይሆናል። እዚያ አንድ መኪና ስኳር እያራገፈ ቆሟል። ቀለሙ ተቀይሯል፤ አረንጓዴ ሆኗል። አልፌው ነበር። ግን ሸራው ጥግ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አየሁ።

ተመልሼ ቀረብኩ። በብርቱካናማ ክር ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተሰፍቷል። ሰው የገዛ እጁን ስፌት ይስታል? በጣቴ ዳበስኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ክሩ አልቆብኝ የቀጠልኩበት ቋጠሮ ሳይቀር አለ።

ሹፌሩ ጺሙን በሂና ያቀላ ትልቅ ሰውዬ ነው። በሶማሌኛ "የማን መኪና ነው?" አልኩት።

"የኤዶ ሐዋ።"

"ገዝታው ነው?"

"የምን መግዛት!" አለና ሳቀ። "አማና ነው። የሰው አማና ነው፤ እሷ ታሠራዋለች።"

ተሽጦ ዕዳ የዋጠው መኪና ሰባት ዓመት ሙሉ ስኳር ሲያመላልስ ኖሯል።

እሁድ ቅዳሴውን ትቼ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሚኒባስ ወደ ደገሀቡር ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ሐዋን ነበር። ከመኮንን ጋር ተካፍላ በልታኛለች ብዬ ነበር የማስበው። የምላትን እየደረደርኩ ሄድኩ። ስድብ በሁለት ቋንቋ አዘጋጅቻለሁ።

ሱቋን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ጨርቅ ተራው ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለካች ነበር። አርጅታለች። በሩ ላይ ቆምኩና "ኤዶ" አልኳት።

ቀና አለች። የመለኪያው ብረት ከእጇ ወድቆ ተንቀጫቀጨ።

"አዑዙ ቢላህ!" ብላ ጮኸች። ወደ ኋላዋ ተንፏቀቀች፤ የጨርቁ ጥቅልል ላይዋ ተናደ። ገዢዋ ሴትዮ ሸሽታ ወጣች። እኔ የመጣሁት ልሰድብ ነው፤ ደንግጬ ላነሳት ስጠጋ እጄን ያዘችና መዳፌን፣ ክንዴን፣ ፊቴን ዳበሰች።

"ትሞቂያለሽ" አለች። "ናያ አስካለ፣ ገላሽ ይሞቃል!"

"ምን ልሁን ታዲያ?"

"አንቺኮ ሞተሻል!"

"ማን አለ?"

"ባልሽ! እዚህ፣ አሁን አንቺ በቆምሽበት፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ወላሂ አለቀሰ። ሻይ ሳፈላለት እያለቀሰ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ።"

ተቀመጥኩ። ሐዋም ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ታሪኩን ነገረችኝ። መኮንን በየሦስት በየአራት ወሩ ይመጣ ነበር። እሷም ለሹፌርና ለጎማ የሚወጣውን አውጥታ ቀሪውን ገቢ ትሰጠዋለች፤ ለራሷ የራሷን ዕቃ በነጻ ከማስጫን በቀር አንድ ብር አልወሰደችም። ሲሄድ ሁልጊዜ "አስካለ ሰላም ትልሻለች" ይላት ነበር። አምና ከፋሲካ በፊት ሲመጣ ግን ጥቁር ጃኬት ለብሶ ነው። ሚስቴ ሞተች አለ። መኪናውን በስሜ አዙሪልኝ አለ።

"እና አዞርሽለት?"

ተቆጣች። "እብድ ነኝ? ቁልፉን ከእሱ፣ ሊብሬውን ከአንቺ ነው የተቀበልኩት። አንቺ ከሞትሽ ያንቺ ሐቅ የልጅሽ ነው። የየቲም፣ እናት የሌላት ልጅ፣ ገንዘብ እኔ አልበላም። ልጅቷን አምጣ፣ በፊቷ እመልሳለሁ አልኩት። ፈተና ላይ ናት አለ። ሌላ ጊዜ መጥቶ ታማለች አለ። እስከ ዛሬ እያመጣት ነው።"

 ሐዋ አልጨረሰችም።

"እኛም እንዲሁ አልሸኘነውም። የዚህ ተራ ሴቶች ሁሉ ያንቺን ዩኒፎርም ሸጠን ልጅ አሳድገናል። ገንዘብ አዋጥተን ሰጠነው። እናንተ ደግሞ እኛ ያረድነውን ሥጋ አትበሉም። ስለዚህ እዝኑን በቁሙ ሰጠነው። ራሱ ጥቁር፣ ላቱ የሰባ፣ ደህና በግ። ለለቀስተኛ እረድ ብለን መኪና ላይ ጫንንለት።"

 ራሱ ጥቁር፣ ላቱ የሰባ በግ አውቃለሁ።

የስቅለት ማግስት፣ መኮንን ያን በግ በገመድ እየጎተተ ግቢ ገባ። "ለፋሲካ ገዛሁልሽ" አለኝ። ደስ አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ለእኔ ብሎ አንድ ነገር ገዝቶ መግባቱ ነበርና አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። በማግስቱ አረደው። ወጡን የሠራሁት እኔ። ጋሽ ወርቁ ከነሚስቱ ተጠርቶ መጣ፤ ላቱን እያደነቀ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። እኔም በላሁ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ስለነበር ደህና አድርጌ በላሁ። መኮንን በእጁ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

የገዛ ራሴን እዝን አጎረሰኝ።

ከሐዋ ሱቅ ኋላ ወጥቼ አስመለስኩ። ስድስት ወር ያለፈው ሥጋ ሆዴ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም አስመለስኩ። ሐዋ ውኃ እያፈሰሰችልኝ ጀርባዬን ትመታኛለች፤ እየመታች ትቆጣኛለች።

"አንቺም ጥፋተኛ ነሽ። አማና ሰጥተሽ ሰባት ዓመት አትጠይቂም? 'ኤዶ፣ መኪናዬ አለ ወይ?' ማለት ምን ይከብዳል?"

አፌን ተጉመጥምጬ ተነሣሁ።

በዚያው ቀን መኪናው ጅጅጋ ያራገፈውን አራግፎ ተመልሶ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ ያው የሂና ጺሙ ሹፌር እኔንና ሐዋን አሳፍሮ ወደ ጅጅጋ ተነሣ። ሐዋ ጉልበቷን እያመማት ነው የመጣችው። "የሐበሻ ሽማግሌ ነገር አያልቅለትም፤ ጨርሱና መልሱኝ" አለች። ሊብሬው ጭኗ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከደገሀቡር ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ሐዋን ለመንኳት። "ለእኔ ብቻ ስጪኝ" አልኳት። "ሊብሬው ባንቺ ስም ነው። ሰኞ ለእኔ አዙሪልኝና እሱን 'ተገልብጦ ተሰባብሯል' በይው። ባዶ እጁን ይቅር። ሞተች ብሎሻል አይደል? ይበለው።"

ሐዋ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞራ "ዋርያ፣ አቁም!" አለች።

መኪናው ቆመ። በሩን ከፈተች።

"ምን ሆንሽ ኤዶ?"

"ልወርድ ነው። ከአንድ ውሸታም አምልጬ ከሌላ ውሸታም ጋር መንገድ አልሄድም። እሱ አንቺን ገደለ፤ አንቺ መኪናውን ልትገድዪው ነው። ልዩነታችሁ ምንድነው?"

አፈርኩ። ከትናንት ጀምሮ መኮንንን ስጸየፍ ነበር፤ እዚያ ጠራራ ሜዳ ላይ ራሴን ተጸየፍኩ። ያን አራት ገጽ የጻፈችው እጅ እኔ ውስጥም ነበረች፤ ትራስ እየቆጠረች። ሐዋን ለምኜ አሳፈርኳት። እስክንገባ ድረስ አላናገረችኝም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ቤት ስገባ መኮንን ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ሰነዱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"መጣሽ? በይ ነይ ፈርሚ" አለ ጋሽ ወርቁ።

"እንግዳ አለኝ" አልኩ።

ሐዋ እያነከሰች ገባች። ለሁሉም ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ መኮንን ፊት ቆማ፣

"መኮንን፣ እንዴት ነህ? አላህ ይርሀማት ብዬህ ነበር። ምሕረቱ ደረሰ መሰለኝ፤ ይኸው በእግሯ መጣች" አለችው።

የመኮንንን ፊት አየሁ። ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ይወድቃል ብዬ ነበር። ምንም አልሆነም። ሐዋን አየ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከትቶ፣

"እሺ፣ መኪናው ላይ ግማሽ በግማሽ እንበለው" አለ።

በቃ። ለእኔ ሞት የተናገረው መልስ ይህ ነው። ይቅርታ አይደለም፣ ክህደት አይደለም፤ ዋጋ ነው ያቀረበው። ከነገሩ ሁሉ በጣም ያቅለሸለሸኝ ይህ ነው።

ጋሽ ወርቁ እጁን ጭኑ ላይ መታ። "እኔኮ መኪናውን አትደብቅ ብዬህ ነበር!" አለ፣ በቁጣ።

 አቶ ደምሴ እንኳን ቀና አለ።

"ታውቅ ነበር ጋሼ?" አልኩት።

"መኪናውን ማለቴ ነው እንጂ... ሞተች ማለቱን አላውቅም። በልጆቼ!"

"የሐሞቴን ሒሳብ ግማሽ በግማሽ ስታደርገው ታውቅ ነበር።"

 ሐዋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ቁልፉን ከጡቷ ሥር አውጥታ መኮንን መዳፍ ላይ አኖረች። ሊብሬውን ፈትታ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ከየእጃችሁ የተቀበልኩትን ለየእጃችሁ መለስኩ" አለች። "በምትስማሙበት ስም አዙሬ እፈርማለሁ። ግን ሽማግሌዎች ይስሙ። ይህ ሰው በሰባት ዓመት የወሰደው ገንዘብ የመኪናውን እኩሌታ ካለፈ ቆይቷል። እያንዳንዱን ጽፌዋለሁ፤ ይካድ።"

መኮንን አልካደም። ግን ቁልፉን ጨበጠው። ጨብጦ ጭኑ ላይ አደረገው። "የወሰድኩት ለቤት ነው የወጣው" አለ። "የሕክምናሽስ? የልጅቷስ?" ጭብጡን እያየሁ ነበር። ተነሥቶ ቢወጣ መኪናው በር ላይ ነው፤ ነድቶ አይሻ ይገባል። እኔ ወረቀት ይዤ እቀራለሁ።

"ስሙኝ" አልኩ። "ሱቁ ሙሉውን ለእሱ ይሁን። ከመኪናው የበላውን ግማሽ በልቶታል፤ ቀሪው መኪና ለእኔ። ትራሱንም ይውሰድ፣ አራቱንም። ከሐቄ በላይ አልጠይቅም። ሐሞቴ ግን ከሰነዱ ይውጣ።"

"አልስማማም" አለ።

"እንግዲያው እሁድ የእድር ስብሰባ አለ። ቆሜ እናገራለሁ። እንዴት እንደሞትኩ። ማን እንዳለቀሰልኝ። እዝኔን ማን ማን እንደበላው። ጋሼ፣ የፋሲካው በግ ትዝ ይልሃል? ላቱን ያስጨመርከው?"

"አዎ..." አለ ጋሽ ወርቁ ቀስ ብሎ።

"የእኔ እዝን ነው። ደገሀቡር ሴቶች አልቅሰው የሰጡት።"

ጋሽ ወርቁ በመዳፉ አፉን ጠረገ። አፉ ላይ ምንም አልነበረም። ሐዋ ወደ መሬት ተፋች። የእናቴ ዘመድ "እግዜር ያስማማችሁ" አለ።

ከዚያ ጋሽ ወርቁ ተነሥቶ መኮንን ላይ ጮኸ። "ስጣት! ቁልፉን ስጣት አንተ ሰው! የእድሩ ሊቀመንበር የቁም ሰው እዝን በላ ልታስብለኝ ነው?" ልብ በሉ፤ ለሃያ ሦስት ዓመቴ አላዘነም። ለልጄ አላዘነም። ስሙን ነው የፈራው። ሐቄን ያስገኘልኝ የእሱ ሕሊና አይደለም፣ የበላው ላት ነው።

መኮንን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሊጥለው ሲል ሐዋ "በእጇ!" አለችው። በእጄ ሰጠኝ። ላብ ነክቶት ነበር። በነጠላዬ ጠርጌ ያዝኩት።

"አንድ ነገር ይቀራል" አልኩ። "እዝኑን ይመልስ። የሴቶቹን ገንዘብና በጉን። ገንዘቡን በእጁ፣ በጉን በቁሙ፣ ደገሀቡር ድረስ። ሰነዱ ላይ ይጻፍ።"

አቶ ደምሴ ብዕሩን አንሥቶ ቆመ። አርባ ዓመት ሰነድ የጻፈ ሰው ነው። "ይህንን... እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?" አለ።

"እንደሆነው ጻፈው" አልኩት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እህቶቼ፣ ከዚህ ምን ትወስዳላችሁ? "ባል አትመኑ" የምል እንዳይመስላችሁ፤ ያለ እምነት ጅጅጋ ላይ አንድ ቀን አይታደርም። ሐዋን ያለ አንዲት ወረቀት አምኛት አላሳፈረችኝም። እኔ ያጠፋሁት ማመኔ ላይ አይደለም፤ አለመጠየቄ ላይ ነው። ሰባት ዓመት "ስንት ተሸጠ?" ማለት ያሳፈረኝ፣ ባል የተቆጣጠርኩ ስለመሰለኝ ነው። ጠይቁ። ሰላም ባለበት ቀን ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው ፊቱን ካጨማደደ ደግሞ እንደገና ጠይቁ። ንብረት ስትካፈሉም ሐቃችሁን አንድ ብር ሳታጎድሉ ውሰዱ፤ ከሐቃችሁ በላይ ግን አንድ ትራስ አትፈልጉ። ያን ሜዳ ላይ የተከፈተውን የመኪና በር ሳስታውስ ዛሬም እሸማቀቃለሁ።

መኪናውን ሸጬ የስፌት ሱቅ ከፍቻለሁ። ሸራውን ግን አልሸጥኩትም፤ የሱቄ በር ላይ ለጥላ ዘርግቼዋለሁ፤ ሰማያዊው ጥግ በመንገዱ በኩል ነው። መኮንን በጉን እየጎተተ ደገሀቡር ጨርቅ ተራ ሲገባ ያዩት ሴቶች በስልክ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። አልሳቅኩም። ለመሳቅ መጀመሪያ የሚያቅለሸልሸኝ ነገር መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም።

ሰነዱን ለማጽደቅ ፍርድ ቤት የቀረብን ቀን ዳኛዋ ወጣት ነበረች። አንቀጾቹን ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ሱቁ ለአቶ መኮንን። መኪናው ለወይዘሮ አስካለ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። "አቶ መኮንን በባለቤታቸው ሞት ምክንያት የተቀበሉትን እዝን፣ ገንዘቡን በእጅ፣ በጉን በቁሙ ለሰጪዎቹ ይመልሳሉ" ብላ አነበበች። ደግማ በልቧ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

"ይህ የሌላ መዝገብ ገብቶበት ነው?" አለች። "ሟቿ ማን ናት?"

መኮንን መሬት መሬት አየ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ" አልኩ። "አለሁ።"